ማቻዬ ለምን መረረኝ? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ስለ ጃፓኑ አረንጓዴ የሻይ ዱቄት፣ ስለ ማቻ፣ የሚደርሱን ጥያቄዎች በርክተዋል። ከጠያቂዎቹ ገሚሱ ገና ሊገዙ ያሰቡ ናቸው፤ ገሚሱ ደግሞ ገዝተው የተቆጩ። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን እንዲህ መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሰው ሁሉ ማቻ ማቻ ይላል። ሱቅ ከሚሸጠው የከረጢት አረንጓዴ ሻይ በምን ይለያል? ያው ቅጠሉ ተፈጭቶ አይደለም እንዴ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ተክሉስ አንድ ነው። ጥቁር ሻይም፣ አረንጓዴ ሻይም፣ ማቻም የሚገኙት ከአንድ የሻይ ተክል ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ቅጠሉ ገና ሳይለቀም ነው። ለማቻ የሚሆነው ማሳ ከለቀማው በፊት ለሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ዳስ ተጥሎበት ከፀሐይ ይጋረዳል። ድሮ ዳሱ ከሸምበቆና ከሩዝ ገለባ ነበር የሚሠራው፤ ዛሬ በአብዛኛው ጥቁር የፕላስቲክ መረብ ነው። ወደ መጨረሻው ከብርሃኑ 90 በመቶ የሚሆነው ወይም ከዚያ በላይ ይከለከላል።

ተክሉ ብርሃን ሲያጥረው አረንጓዴ ቀለሙን ያበዛል፣ ቅጠሉም ይሳሳል። ትልቁ ለውጥ ግን ጣዕሙ ላይ ነው። ሻይ ውስጥ ቴአኒን የሚባል፣ ለዘብ ያለና ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ ጣዕም የሚሰጥ ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ፀሐይ ሲጠግብ ይህ ቴአኒን እየቀነሰ ካቴኪን ይበዛል፤ ካቴኪን ደግሞ መራራና ምላስ የሚያደርቅ ነው። ጥላው ይህን ለውጥ ያዘገየዋል።

ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉ እንዳይጠቁር ወዲያው ለ20 ሰከንድ ገደማ በእንፋሎት ይመታል። ከዚያ እንደ ሌላው የጃፓን ሻይ አይታሽም፤ እንደተዘረጋ ይደርቅና ዘንጉና ጅማቱ ተለይቶ ይወጣል። የቀረው ስስ ደረቅ ቅጠል ተንቻ ይባላል። ማቻ ማለት የተፈጨ ተንቻ ነው፤ ሌላ ቅጠል ቢፈጭ የሻይ ዱቄት ይሆናል እንጂ ማቻ አይሆንም። በባህሉ መፍጫው የግራናይት ወፍጮ ሲሆን አንዱ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው 40 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ ከተሽከረከረ ድንጋዩ ይግላል፣ መዓዛውም ይጠፋል። የዋጋው ነገር ከሚያስገርማችሁ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ሌላው ልዩነት አጠጣጡ ላይ ነው። የከረጢት ሻይ ተዘፍዝፎ ቅጠሉ ይጣላል፤ ማቻ ግን ቅጠሉ ራሱ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ የቅጠሉ መልካም ጠባይም ሆነ ጉድለት፣ ካፌይኑም ጭምር፣ ሳይቀር ሆድ ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ከዚህ ነጥብ የሚነሡ ናቸው።

ታሪኩን ለጠየቃችሁን በአጭሩ፦ ዱቄት ሻይን በሙቅ ውሃ መምታት መጀመሪያ የቻይና ልማድ ነበር። ኤይሳይ የተባለ ጃፓናዊ የቡድሃ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1191 ከቻይና ሲመለስ የሻይ ዘርና ይህንኑ የአጠጣጥ ስልት ይዞ መጣ፤ መነኮሳቱም ለረጅም ሰዓት ተመስጦ ሲቀመጡ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡት ጀመር። ቻይና በኋላ ወደ ቅጠል ሻይ ስትዞር ጃፓን ዱቄቱን አልተወችም። የጃፓንን የሻይ ሥርዓት ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያስያዘው በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሻይ ሊቅ ሴን ኖ ሪክዩ ነው። ስሙ የገነነው አብቃይ አካባቢ ኪዮቶ አጠገብ ያለው ኡጂ ሲሆን በአይቺ ግዛት ኒሺዮ፣ በደቡብ ደግሞ ካጎሺማ በብዛት ያመርታሉ።

ጥያቄ፦ ማቻ ገዝቼ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ገለበጥኩበት። መራራ ሆነ፣ ከሥር ደግሞ ጓጎለ። አረፋ የሚባለውንም አላየሁም። ዱቄቱ የተበላሸ ነው ወይስ አሠራሬ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከገለጹልን ተነሥተን ስንገምት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ተሳስቷል፦ ውሃው ፈልቷል፣ ዱቄቱ አልተነፋም፣ አመታቱም አልሆነም። ዱቄቱን ገና አይጣሉት።

ከመጠኑ እንጀምር። ለአንድ ሰው 2 ግራም ማቻ ይበቃል፤ አፉ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ውሃው 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የቡና ሲኒ ለዚህ ጥሩ መስፈሪያ ነው፤ ብዙዎቹ ሲኒዎች ሞልተው ከ70 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ። የእርስዎ ሲኒ ስንት እንደሚይዝ አንዴ ይለኩትና ከዚያ በኋላ በሲኒ ይስፈሩ። በትልቅ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ላይ 2 ግራም ከጨመሩ ግን አረፋም አይወጣ፣ ጣዕምም አይኖር።

የውሃው ሙቀት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ከዚያ በላይ የጋለ ውሃ ምሬቱን ያጎላዋል፣ ደስ የሚለውን መዓዛም ያባርረዋል። እዚህ ላይ የውጭ መመሪያዎችን የሚከተሉ አንባቢዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። እነዚያ መመሪያዎች የሚጻፉት ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ቆላ አገር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳር 94 ገደማ። ስለዚህ «ከፈላ በኋላ አሥር ደቂቃ ይቆይ» የሚለው ምክር አዲስ አበባ ላይ ውሃውን ከሚገባው በላይ ያቀዘቅዘዋል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ይህን ያድርጉ፦ የፈላውን ውሃ ወደ ቀዝቃዛ የሸክላ ወይም የፖርሴሊን ዕቃ ይገልብጡ። በአንድ ግልበጣ 10 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ግልበጣና የደቂቃ ትዕግሥት ይበቃል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ላሉ አንባቢዎች ሁለት ግልበጣ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። አፉ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ዕቃ፣ ለምሳሌ የሾርባ ሳህን፣ ያዘጋጁ። በሙቅ ውሃ አሙቀው ውሃውን ይድፉና ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ አድርገው ያድርቁት። እርጥብ ከሆነ ዱቄቱ ገና ሲነካው ይያያዛል። ቀጥሎ ማቻውን በደቃቅ የሻይ ማጥለያ ወንፊት ላይ አድርገው በማንኪያ ጀርባ እየገፉ ይንፉት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ጉጉላቱም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ዱቄቱ እጅግ ከመድቀቁ የተነሣ ቆርቆሮው ውስጥ እንዳለ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ በኋላ ምንም ያህል ቢመቱት አይፈታም።

ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ብቻ ጠብ አድርገው እንደ ሽሮ መጀመሪያ ይለውሱት። ወጥ የሆነ፣ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ልውስ ሲሆንልዎ የቀረውን ሙቅ ውሃ ይጨምሩ።

አመታቱ ክንድ አይፈልግም፤ የእጅ አንጓ ነው ሥራው። የቀርከሃ መምቻውን ቀጥ አድርገው ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ በፍጥነት፣ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይምቱ። ዙሪያውን ማማሰል አረፋ አያወጣም። ጫፉ የሳህኑን ወለል ለጥቂት ይሳተው እንጂ አይፋቀው። አረፋው መነሣት ሲጀምር መምቻውን ወደ ላይኛው ገጽ ከፍ አድርገው ቀስ እያሉ ይምቱ፤ ትልልቆቹ አረፋዎች ተሰብረው እንደ ክሬም የደቀቁት ይቀራሉ። መጨረሻ ላይ ከመሐል ቀና አድርጎ ማውጣት ነው።

ተሠርቶ እንዳለቀ ወዲያው ይጠጣ። ማቻ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ተንሳፍፎ ነው የሚቆየው። አምስት ደቂቃ ከተዉት ዱቄቱ ይዘቅጥና ላዩ ውሃ፣ ሥሩ ጭቃ ይሆናል።

ይህን ሁሉ አድርገውም አረፋ ካልወጣ ሳህኑ ላይ የቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት እንዳለ ይመልከቱ፤ ሁለቱም አረፋ ይገድላሉ። እሱም ካልሆነ ዱቄቱ አርጅቷል ወይም ለኬክ የሚሆነው ደረጃ ነው። ደግሞ አረፋ ሁሉ ነገር አይደለም፦ ከጃፓን ትልልቅ የሻይ ትምህርት ቤቶች ኡራሰንኬ ሳህኑን በአረፋ ሲሸፍን፣ ኦሞተሰንኬ ከፊሉን ያለ አረፋ ይተወዋል። ኮይቻ የሚባለው ወፍራሙ ማቻ ደግሞ (4 ግራም ገደማ ዱቄት በ40 ሚሊ ሊትር ውሃ) ጨርሶ አይመታም፤ ቀስ ተብሎ ይለወሳል። ለኮይቻ ግን ምርጥ ዱቄት ያስፈልጋል፤ መካከለኛውን በዚያ ውፍረት መጠጣት ቅጣት ነው።

ጥያቄ፦ የቀርከሃው መምቻ እኛ ጋ አይገኝም። ሹካ ይሆናል? (ከደሴ)

መልስ፦ ሹካ አይሆንም። መምቻው ከአንድ ቁራጭ ቀርከሃ ተሰንጥቆ የሚሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 120 ጥርስ ያለው ነው፤ አራት ጥርስ ያንን አይተካም። በጣም የሚቀርበው በባትሪ የሚሠራው ትንሹ የወተት አረፋ ማውጫ ነው። አረፋው ትንሽ ሸካራ ቢሆንም ይጠጣል። እሱም ከሌለ ክዳኑ የሚገጥም ማሰሮ ውስጥ 2 ግራም የተነፋ ማቻና 150 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረው ለ30 ሰከንድ ይናጡት፣ በበረዶም ይጠጡት። በሙቅ ውሃ ይህን አያድርጉ፤ የታፈነው እንፋሎት ክዳኑን ገፍቶ እጅ ያቃጥላል።

ዘመድ መምቻውን ከውጭ ከላከልዎ ደግሞ አያያዙን ይወቁበት። ከመጠቀምዎ በፊት ጥርሶቹን ለአንድ ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሯቸው፤ ደረቅ ቀርከሃ ይሰበራል፣ ስብርባሪውም ሳህኑ ውስጥ ይገባል። ከተጠቀሙ በኋላ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይምቱት፤ ሳሙና አያስነኩት፣ ቀርከሃው ጠረኑን ይጠጣል። በመጣበት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥቡን መልሶ መክተት ሻጋታ መጥራት ነው። በቆመበት፣ አየር በሚያገኝበት ይድረቅ።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቁ ሁሉ «ሴሪሞኒያል ግሬድ» (ለሻይ ሥርዓት የሚሆን ደረጃ) ብሎ ይጽፋል፤ ዋጋው ግን ከአንዱ ሌላው ሦስት እጥፍ ይለያያል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ጽሑፉን አይመኑ። «ሴሪሞኒያል» የሚለውን ደረጃ የሚወስን ሕግ የለም፤ ማንም ሻጭ ሊለጥፈው ይችላል። የጃፓን የሻይ ቤቶች ራሳቸው ዱቄቱን የሚለዩት በአገልግሎቱ ነው፦ ለኮይቻ የሚሆን፣ ኡሱቻ ለሚባለው ቀጭኑ የሚሆን፣ ለጣፋጭና ለወተት የሚሆን እያሉ።

እሽጉ ላይ መታየት ያለባቸው ሌሎች ነገሮች ናቸው። የይዘት ዝርዝሩ ላይ ሻይ ብቻ ነው መኖር ያለበት፤ ስኳር፣ የወተት ዱቄት ወይም ቀለም ከተጠቀሰ የተቀላቀለ መጠጥ እንጂ ማቻ አይደለም። አገሩ ብቻ ሳይሆን አካባቢው (ኡጂ፣ ኒሺዮ፣ ያሜ፣ ካጎሺማ) ቢጠቀስ ጥሩ ነው። የተፈጨበት ወይም የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። «አረንጓዴ የሻይ ዱቄት» የሚል ብቻ ከሆነ ሳይጋረድ ያደገ ተራ ቅጠል ተፈጭቶ ሊሆን ይችላል። ሲከፍቱት ደማቅ፣ ሕያው አረንጓዴ ካልሆነና ወደ ቢጫ ወይም ወደ ወይራ ቀለም ካደላ፣ ወይ አሮጌ ነው ወይ ከኋለኛው ለቀማ የመጣ ነው። በጣት መሐል ሲታሽ እንደ ፊት ፓውደር መለስለስ አለበት፤ ከሻከረ አፈጫጨቱ ጎድሎታል።

ዋጋውን በተመለከተ እውነተኛ ምክንያትም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ የዓለም ፍላጎት ከምርቱ በልጦ፣ ስመ ጥር የኪዮቶ ቤቶች ሳይቀሩ ለአንድ ደንበኛ የሚሸጡትን መጠን እስከ መገደብ ደርሰዋል። አዲስ የተተከለ ሻይ በደንብ ለመለቀም አምስት ዓመት ያህል ስለሚፈልግ ችግሩ በአንድ ክረምት የሚቃለል አይደለም። የእኛ ምክር፦ በወተት ለሚጠጡት ውዱን አይግዙ። በውሃ ብቻ ለሚጠጡት ግን ርካሹን አይግዙ።

ጥያቄ፦ የሽፈራው ዱቄት ቤቴ ሞልቶልኛል። እሱም አረንጓዴ ነው፤ በማቻ ፈንታ ልጠቀምበት? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ ሽፈራው በራሱ ጥሩ ነው፤ ማቻ ግን አይሆንም። ሻይ ስላልሆነ ካፌይን የለውም፤ ጣዕሙም የጎመን ወገን ነው። ይህን የምንለው «ማቻ» ተብሎ በላላ ከረጢት የሚሸጥ አረንጓዴ ዱቄት ሲያጋጥማችሁ እንድትጠነቀቁም ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ ማኪያቶ ስለምወድ ማቻን በወተት እፈልገዋለሁ። በጾም ወቅትስ በምን ይሠራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወተት ምሬቱን ስለሚሸፍነው መጠኑን ወደ 3 ግራም ከፍ ያድርጉ። ነፍተው በ40 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ይምቱት፤ ስኳር ወይም ማር ከፈለጉ ወተቱ ከመግባቱ በፊት እዚሁ ይሟሟ። ከዚያ 150 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ብቻ የሞቀ፣ ይጨምሩ። ዱቄቱን በቀጥታ ወተት ላይ መበተን አይሠራም፤ ይጓጉላል።

በጾም ከሁሉ የሚስማማው የአጃ ወተት ነው፤ የራሱ ጣፋጭነት ስላለው ስኳሩ ይቀንሳል። ቤት የተሠራውን የአጃ ወተት ግን አያሙቁት፤ ሲሞቅ ይዝለገለጋል፣ ስለዚህ በበረዶ ይጠጣ። የአኩሪ አተር ወተትም ይሆናል፤ ማቻ እንደ ቡና ኮምጣጣነት ስለሌለው አያፈርጠውም። የለውዝ ወተት ጠረኑ ጠንካራ ስለሆነ ማቻውን ይውጠዋል፤ ባይሞክሩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ደም ማነስም ነበረብኝ። ብጠጣ ይጎዳኛል? እውነት ማቻ ያከሳልስ? (ከጎንደር)

መልስ፦ 2 ግራም ማቻ 60 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን አለው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ለነፍሰ ጡሮች የሚመክረው ጣሪያ ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ በቀን 200 ሚሊ ግራም ነው። ቡናና ሻዩን አብረው ይቁጠሩ፤ ቡና በየቀኑ በሚጠጣበት ቤት ለማቻ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው።

ደም ማነሱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሻይ ካቴኪኖች ከጤፍ፣ ከምስርና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘውን ብረት ይዘው ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ማቻን ከምግብ ጋር ወይም ከብረት እንክብል ጋር አይጠጡ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት ይራቅ። ሐኪምዎም ይወቁት። በባዶ ሆድም አይመከርም፤ ብዙ ሰው ያቅለሸልሸዋል። ጃፓኖቹ ከመጠጣቱ በፊት ትንሽ ጣፋጭ የሚቀምሱት በከንቱ አይደለም።

ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎችም ይህን ያንብቡ፦ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ስለሚጠጣ አንድ ሳህን ማቻ ወደ 60 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ ይይዛል፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የመድኃኒቱን ሥራ ይቃወማል። ለሐኪም ሳይነግሩ አይጀምሩ፤ ከጀመሩም በድንገት አያቁሙ።

ስለ መክሳቱ፦ በአንድ ሳህን ማቻ የሚቀንስ ክብደት የለም። በእንክብል የሚሸጠው የተጨመቀ አረንጓዴ ሻይ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸው የአውሮፓ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የካቴኪን ማሟያ የጉበት ጉዳት ምልክት ሊያመጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። መረጋጋት ይሰጣል የተባለለት ቴአኒንም ቢሆን፣ ብዙዎቹ ጥናቶች የተሠሩት አንድ ሳህን ውስጥ ከሚገኘው በላይ በሆነ መጠን ነው። ስለጣዕሙ ይጠጡት።

ጥያቄ፦ 100 ግራም ገዝቼ ከሦስት ወር በኋላ ቀለሙ ቢጫ ሆነ። ቀኑ ግን አላለፈም። (ከዱባይ)

መልስ፦ እሽጉ ላይ ያለው ቀን ላልተከፈተ ዕቃ ነው። ብርሃን፣ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ማቻን ይጨርሱታል፤ ዱቄቱ ደቃቅ ስለሆነ ለአየር የሚጋለጠው ገጹ ሰፊ ነው። ከተከፈተ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ማለቅ አለበት። 30 ግራም ቆርቆሮ 15 ሳህን ይወጣዋል፤ ለብቻው ለሚጠጣ ሰው ከዚያ በላይ መግዛት አያዋጣም። በበጋ ከኢንተርኔት ካዘዙ ደግሞ ዕቃው በሙቀት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ያስቡ።

ያልተከፈተውን ፍሪጅ ያኑሩት። ሊከፍቱት ሲሉ ግን እንደታሸገ አውጥተው ለጥቂት ሰዓታት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይተዉት። ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ወዲያው ከከፈቱት ውስጡ ላብ ይይዛል፣ ዱቄቱም በአንድ ቀን ይበላሻል። የተከፈተውን ክዳኑን ግጥም አድርገው ብርሃን በማይገባበት ያስቀምጡ፤ ጠረን ስለሚስብ ከበርበሬ፣ ከኮረሪማና ከተቆላ ቡና ይራቅ።

ቢጫ የሆነው አይመርዝም። ከ10 እስከ 15 ግራም የሚሆነውን ለአንድ ኬክ ሊጥ ከዱቄቱ ጋር ነፍተው ይጠቀሙበት፤ ስኳሩና ቅቤው ጉድለቱን ይሸፍኑለታል። እርጥበት ገብቶት ከደደረ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ግን ይደፋ።